ዳገቱ ላይ የጠፋብኝ ብርሃን

አንድ ዓይን ብቻ ያለው ሰው ስለ ዓይኑ ብዙ አያወራም። እኔም አላወራም ነበር። ግራ ዓይኔን በዘጠኝ ዓመቴ፣ ቡታጅራ አጠገብ ባለው መንደራችን እንጨት ስፈልጥ የተፈናጠረ ስንጣሪ ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ በግራዬ የሚታየኝ ብርሃንና የሚንቀሳቀስ ጥላ ብቻ ነው። በቀኙ ተማርኩ፣ በቀኙ ዲግሪዬን ያዝኩ፣ በቀኙ ወልቂጤ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጥሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ አስተማርኩ። ሙኒራ እባላለሁ። ተማሪዎቼ "ቲቸር ሙኒራ ጀርባዋም ያያል" እያሉ እርስ በርስ ይፈራሩ ነበር፤ እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ኩራተኛ ነበርኩ። ማንንም ማስቸገር አልወድም፣ መጠየቅም አልወድም። ይህን ከአሁኑ ብነግራችሁ ይሻላል፤ የደረሰብኝ ነገር ግማሹ ከዚሁ ጠባዬ የመጣ ነውና።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ሳለ ቀኝ ዓይኔ ዳር ላይ ብልጭታ አየሁ። ዞር ስል የለም። በማግስቱ ጥቁር ነገር ከታች ወደ ላይ እንደ መጋረጃ እየተሳበ መጣ። ሐሙስ ጠዋት የተማሪዎቼ ፊት ከአፍንጫ በታች አይታየኝም ነበር። ባለቤቴ ከማል በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ይዞኝ ሄደ።

የመረመረችኝ ሐኪም ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። "ሬቲና የምንላት ከዓይን ጀርባ የተለጠፈች ስስ ሽፋን አለች" አለችኝ። "ያንቺ ተቀዳ ተላቃለች። ዛሬ ነገ ሳንል ማከም አለብን።"

"ሌላኛው ዓይኔ አይሠራም ዶክተር።"

"አይቻለሁ" አለች። "ለዚህ ነው የምቸኩለው።"

ቀዶ ጥገናው ደህና ሄደ። በዓይኔ ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ አወጡና በምትኩ ጋዝ ሞሉበት። ጋዝ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ፊቴን ወደ መሬት ስደፋ ሬቲናዬን ከኋላ ግድግዳዋ ጋር ደግፎ ይይዛታል፤ ቁስሉ እስኪሽር ሥራው ይኼ ነው። ሁለት ሳምንት ፊቴን ደፍቼ እንድቆይ፣ ጋዙ ራሱ ቀስ በቀስ ተመጥጦ እስኪያልቅ ደግሞ ሁለት ወር ያህል እንደሚፈጅ ነገረችኝ። ልሰናበታት ስል፣

"ጋዙ እስኪያልቅ ድረስ አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ" አለችኝ።

ሳቅኩባት። "እኔ የወልቂጤ አስተማሪ ነኝ፤ አውሮፕላን ከየት አመጣለሁ?"

እሷም ሳቀች። በዚሁ ተለያየን። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። አስቡት፣ በየዓመቱ ተማሪዎቼን "ለምን የማይል ተማሪ ከክፍሌ ይውጣ" የምል ሰው ነኝ።

ሳምንቱን አዲስ አበባ ቆይቼ፣ በምርመራ ደህና ነሽ ተብዬ ወልቂጤ ተመለስኩ። ጠያቂ ሲመጣ በድምፁ ነበር የምለየው። በቀኝ ዓይኔ የሚታየኝ በወፍራም ውኃ ውስጥ ያለ የሚመስል ብርሃንና እጄን ሳንቀሳቅስ የሚያልፍ ጥላ ነበር። ሐኪሟ "ብርሃኑ እስካለ ድረስ አትስጊ" ብላኛለች። ስለዚህ በየሰዓቱ እጄን ዓይኔ ፊት አወዛውዛለሁ። አለ። ደግሞ አወዛውዛለሁ። አለ።

ቀዶ ጥገናው በተደረገልኝ በአሥረኛው ቀን የታናሽ ወንድሜ የነስሩ ኒካህ ነበር፣ ቡታጅራ። ነስሩ አባታችን ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። እናቴ ስልክ ደውላ "አንቺ ካልመጣሽ ማን ሊቆምለት ነው?" ብላ አለቀሰች። ከማል ለዝግጅቱ ቀድሞ ሄዷል። እህቴ ራህማ ከቡታጅራ መጥታ ታስታምመኝ ስለነበር፣ በዋዜማው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከእሷ ጋር ተነሳን።

ከወልቂጤ ቡታጅራ ለመሄድ አዲስ አበባ ድረስ ወጥቶ መዞር ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በአገና በኩል ተራራውን አቋርጦ የሚወርደው መንገድ ግን አጭር ነው።

"በአገና እንሂድ እትዬ ሙኒ" አለች ራህማ። "አንገትሽ ሳይደክም እንደርሳለን።"

እሺ አልኩ። ለራህማ ልጆች ቺፕስና ብስኩት በፌስታል ገዛሁ፤ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ግንባሬን ከፊቴ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ በታጠፈ ሻርፕ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።

እስከ አገና ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም ከራህማ ጋር እየተጫወትን፣ ስለ ሙሽራዋ ቤተሰቦች እየሳቅን ነበር የሄድነው። አገና ላይ የተወሰኑ ሰዎች ወርደው ሌሎች ገቡ። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸው ክንዴን ነካኝ።

"ምነው ልጄ፣ ታመሻል እንዴ? ምነው አቀረቀርሽ?"

"ዓይኔን ታክሜ ነው አባባ።"

"እግዜር ይማርሽ። እኔም ወንድሜ ሞቶብኝ ለቀብር እየሄድኩ ነው፤ ከቡታጅራ ወዲህ ነው መንደሩ። ስድስት ሰዓት ላይ ነው የሚቀበረው።"

አላህ ያጽናዎት አልኳቸው። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ።

መኪናው ማርሽ ቀንሶ ማጓራት ጀመረ። መስኮቱን ዝጉ የሚል ሰው ተሰማ፤ አየሩ ቀዝቅዟል። ጆሮዬ ድፍን አለና ጧ ብሎ ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ ከቀኝ ቅንድቤ በላይ የሆነ ነገር ጨመቅ አደረገኝ። ከማቀርቀር ብዛት ነው ብዬ አንገቴን አሸሁ። ጭመቃው ወደ ሰርንዬ ዘለቀ፤ ከዚያ ወደ ላይኛው መንጋጋዬ፣ ጥርስ ሕመም እስኪመስለኝ።

"ራህማ፣ ሊያስመልሰኝ ነው።"

"ጠመዝማዛው ነው። ሎሚ ልስጥሽ?"

ሎሚውን አሸተትኩ። ሕመሙ ግን ጠመዝማዛው ላይ አልነበረም፤ ቀጥ ባለው መንገድ ላይም እየባሰ ነው። ዓይኔ ውስጥ አንድ ሰው በአውራ ጣቱ ከውስጥ ወደ ውጪ የሚገፋ ይመስል ነበር። ማልቀስ አልወድም፤ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ሰው ሳላስቸግር ልድረስ ብዬ ነበር።

እንደ ልማዴ እጄን ዓይኔ ፊት አወዛወዝኩ።

በቀኝ በኩል ጥላው የለም።

ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ደግሜ አወዛወዝኩ። በወፍራም ውኃ ውስጥ ያለ የሚመስለው ብርሃንም የለም። ቀና ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጨለማ ነው።

"ራህማ" አልኩ፣ ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም፤ "ፀሐይዋ ደመና ገባች?"

"ኧረ ጠራራ ነው እትዬ። ምነው?"

በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት የፈራሁበት ጊዜ የለም። የማደርገው ሲጠፋኝ ጭኔ ላይ ያለውን ፌስታል ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት። እጄ ውስጥ የገባው የቺፕስ ላስቲክ ነበር፤ ወልቂጤ ስገዛው ለስለስ ያለ ነበር፣ አሁን ግን እንደተነፋ ኳስ ተወጥሯል። ሁለተኛውን ነካሁ። እሱም። ሦስተኛውንም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ የታሸገ ጋዝ ሁሉ ያብጣል። ይህን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በፊኛ፣ በሲሪንጅ፣ በሃይላንድ ጠርሙስ አስተምሬዋለሁ። ዓይኔም ታሽጓል። ጋዙ በወልቂጤ ልክ ሞልቶት የነበረ ዓይን፣ አሁን መሄጃ አጥቶ ከውስጥ እየተወጠረ የራሱን ደም ሥር ዘግቷል። አውሮፕላን እንዳትሳፈሪ ማለት ከፍ አትበይ ማለት ነበር። አውሮፕላን የለኝም ብዬ ስስቅ፣ ተራራ እንዳለኝ ረስቼ ነበር።

"ሾፌር!" ብዬ ጮህኩ። "አቁም!"

መኪናው ዳር ይዞ ቆመ። ሾፌሩ ታረቀኝ የሚባል ነው፤ ስሙን ያወቅኩት በኋላ ነው። "ሊያስመልስሽ ነው እህቴ? ውረጂ፣ ረጋ በይ።"

"አይደለም። መመለስ አለብን። ወደ አገና አዙረው።"

መኪናው ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ። ታረቀኝ በትዕግሥት "እህቴ፣ ጫፉ ላይ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ቢቀረን ነው። ከዚያ ቁልቁለት ነው፤ ቡታጅራ ሆስፒታል አለ" አለኝ።

"አሥሩ ደቂቃ ሽቅብ ነው። ያን ያህል ጊዜ የለኝም።"

ከኋላ አንድ ሴት "ራሷን ያመማት ሁሉ መኪና ካስመለሰ መቼ ልንደርስ ነው?" አለች። ሌላው "በሌላ መኪና ትመለስ፣ እናውርዳት" አለ። ታረቀኝም "እንግዲህ ብትወርዱና የሚወርድ መኪና ብትጠብቁ…" ብሎ ጀመረ።

መንገዱ ላይ አንድም የሞተር ድምፅ አይሰማም። በየትኛውም ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ "ይቅርታ፣ እንወርዳለን" እል ነበር። እላችኋለሁ፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። በምትኩ አንዱን ቺፕስ አውጥቼ ከጎኔ ላሉት ሽማግሌ ሰጠኋቸው።

"ይያዙት አባባ። ጫን ያድርጉት።"

"ተነፍቷል እኮ" አሉ።

"ማንም አልነፋውም። የታሸገ ነው። ወልቂጤ ስገዛው የላላ ነበር፤ ዳገቱ ነው የነፋው። ሐኪሞች ዓይኔ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጋዝ ሞልተዋል። እሱም እንዲህ አብጧል። አሁን ምንም አይታየኝም። ሌላኛው ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የለም። ወደ ታች ከወረድን ጋዙ ይቀንሳል፤ ወደ ላይ ከሄድን ግን ዓይኔ እዚሁ ያልቃል። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው። መልሱኝ።"

የተናገርኩት በክፍል ድምፄ ነበር፤ ጮክ ብዬ፣ ቃል በቃል እየለየሁ። ቺፕሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ። የስድስት ሰዓቱ ቀብር ትዝ አለኝ፤ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

እሳቸው ቀደሙኝ፤ ሾፌሩን ያውቁት ኖሯል። "ታረቀኝ" አሉ ረጋ ብለው፤ "አዙረው ልጄ።"

"አባባ፣ ቀብሩስ?"

"አዙረው አልኩህ።"

ታረቀኝ መሪውን ያዘ። መንገዱ ጠባብ ስለነበር ሁለት ሰዎች ወርደው ከገደሉ ዳር እየመሩት፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያለ አዞረው። ከዚያ ቁልቁል ለቀቀው።

ራህማ እጄን ይዛ ቁርኣን ትቀራለች። እኔ ፊቴን ደፍቼ በየኩርባው እጄን አወዛውዛለሁ። የለም። ሌላ ኩርባ። የለም። ስንት ደቂቃ እንዳለፈ አላውቅም። የዓይን ነርቭ ደም ሳያገኝ ብዙ እንደማይቆይ ግን መገመት እችል ነበር፤ ማወቅ በዚያን ሰዓት መርገም ነበር። ጆሮዬ ድፍን ብሎ ተከፈተ። ከመንጋጋዬ ላይ ሕመሙ ትንሽ ላላ። እንደገና እጄን አነሳሁ።

አንድ ነገር አለፈ። በጣም የደበዘዘ። ደገምኩት። አለፈ።

"መጣ!" አልኩ። "ብርሃኑ መጣ!"

"ምን ታየሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"ግራጫ።"

"ግራጫ ደግ ነው?"

"አባባ፣ ዛሬ ከግራጫ የሚበልጥ ቀለም የለም።"

ያቺው ከኋላ ያጉረመረመችው ሴት እልል አለች።

አገና ስንደርስ ስልክ ሠራ። ሐኪሟ ሁለተኛው ጥሪ ላይ አነሳች። የሆነውን በአጭሩ ነገርኳት።

"አውሮፕላን ብዬሽ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ተራራ አላልኩሽም።"

"እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።"

"አሁን ስሚኝ። በጀርባሽ እንዳትተኚ። የዓይን ግፊት የሚቀንስ ኪኒን አለ፤ ፋርማሲ ገብተሽ ከባለሙያው ጋር አገናኚኝ። ከዚያ የዓይን ክፍል ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል፣ ወደ ታች ብቻ፣ ወደ ላይ በፍጹም።"

ፋርማሲው ውስጥ ኪኒኑ ተገኘ። ታረቀኝ ሌላ መኪና ፈልጎ አሳፈረንና ተሳፋሪዎቹን ይዞ ዳገቱን እንደገና ጀመረ። ሽማግሌውን በወጉ እንኳ አልተሰናበትኳቸውም።

ወልቂጤ ሆስፒታል የደረስነው እኩለ ቀን ሲሆን ነበር። የዓይን ክፍሉ ነርስ ወጣት ነው፤ ግፊቱን ለካና ፊቱ ምን እንደሚመስል ባላይም ትንፋሹን ሰማሁት። ከሐኪሟ ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ጠብታ አደረገልኝ፣ ኪኒን ጨመረልኝ።

"በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልወረደ በመርፌ ጋዙን ትንሽ መቀነስ ሊኖርብን ነው" አለኝ። "እውነቱን ልንገርሽ፣ አድርጌው አላውቅም። እሷ በስልክ ትመራኛለች።"

"አንተ ብቻ እጅህ አይንቀጥቀጥ" አልኩት። "እኔ አልንቀሳቀስም።"

በሰዓቱ ለካ። ወርዷል፣ ግን አልበቃም። እንጠብቅ አለች ሐኪሟ። ራህማ ወንበር ላይ ፈዛ ተቀምጣለች። እናቴ ደውላ ስትጮህ ከስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፤ "እኔ ነኝ ልጄን የጠራሁት! እኔ ነኝ!" ትላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ሦስተኛው ልኬት ላይ ነርሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ወርዷል። መርፌው ይቅር።"

በማግስቱ የነስሩን ኒካህ ወልቂጤ ቤቴ ፊቴን እንደ ደፋሁ በስልክ ሰማሁ። "ተቀብያለሁ" ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ የእኔም እንደዚያው።

ጋዙ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ከዓይኔ ጠፋ። መጀመሪያ ላዩ ላይ እንደ ውኃ ልክ የሚወዛወዝ መስመር ታየኝ፣ ከዚያ መስመሩ ወረደ፣ ከዚያ አንዲት ትንሽ አረፋ ሆነች፣ አንድ ጠዋት አረፋዋም የለችም። አነባለሁ፣ አስተምራለሁ። ከአፍንጫዬ በኩል ከፍ ብሎ አንድ የደበዘዘ ቦታ ቀርቷል፤ ሐኪሟ ያ ዳገት የወሰደው ነው ብላኛለች። ተለማምጄዋለሁ።

ከሐኪሟ ፈቃድ ባገኘሁ በሳምንቱ ያንኑ መንገድ ይዤ ተራራውን ተሻገርኩ። በዚህኛው ጉዞ ምንም አላመመኝም። ታረቀኝን አገና አግኝቼ የሽማግሌውን ወንድም መንደር ጠይቄው ነበር። "ቀብሩ ላይ አልደረሱም" አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። "ሰው ከመቃብር ሲመለስ ነው ያገኙት።" እሳቸው ከሐዘኑ ወዲህ ከወንድማቸው ቤተሰብ ጋር እዚያው ሰንብተዋል። አግኝቼ እጃቸውን ያዝኩ። ፊታቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሰፊ ግንባር፣ የሚስቁ ዓይኖች።

"አባባ፣ በእኔ ምክንያት ወንድምዎን ሳይቀብሩ…"

"እሱን የሚቀብር ሰው ሞልቶ ነበር" አሉኝ። "አንቺን የሚመልስ ግን ያ መኪና ብቻ ነበር።"

ይህን ሰምቼ የቀድሞዋ ሙኒራ ሆኜ መኖር አልቻልኩም። ሰው ላለማስቸገር ዝም ብዬ ጥርሴን ነክሼ የተቀመጥኩባቸው ደቂቃዎች ናቸው ያንን የደበዘዘ ቦታ ዓይኔ ላይ የተዉት። ሕመሙ እንደ ጀመረኝ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌውም የወንድማቸው ቀብር ላይ ይደርሱ ነበር። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ብልጭታ ወይም መጋረጃ የመሰለ ነገር ካያችሁ ለነገ አትበሉ። ዓይናችሁ ውስጥ ጋዝ የተሞላ ከሆነ ደግሞ የምትኖሩበትን ቦታ፣ የምታልፉበትን መንገድ ሁሉ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ሐኪም አገራችሁን ላያውቀው ይችላል። "አታድርግ" ስትባሉ "ለምን?" በሉ። አሞኛል ማለትን አትፈሩ፤ ሰው ከምታስቡት በላይ ደግ ነው።

ሐኪሟም ተለውጣለች። ባለፈው መስከረም ደወለችልኝ። "አንድ ታካሚ አለኝ፤ ጉመር ላይ ገበሬ ነው። ቤትህ የት ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ ተራራ ላይ ነው አለኝ። ጋዝ ሞልቼለታለሁ፤ ወደ ቤቱ ልሰደው አልችልም። ቆላ ያለ ዘመድ የለውም።"

"ወደ እኔ ላኪው" አልኳት።

ገበሬው አቶ ስርጋጋ ወልቂጤ እኛ ቤት አርባ ስድስት ቀን ተቀመጡ። ከከማል ጋር ጎን ለጎን ሆነው ዜና ያዳምጣሉ፤ ፊታቸውን ደፍተው ስለ እንሰታቸው፣ ስለ ላሞቻቸው፣ ከሁሉ በላይ ስለ ሚስታቸው ያወራሉ። በአርባ ሰባተኛው ቀን ሐኪሟ ይሂዱ አለች። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

"ደረስኩ ቲቸር።"

"ዓይንዎስ? ዳገቱ ላይ አላመመዎትም?"

"ምንም። አሁን ደጃፌ ላይ ቆሜያለሁ። ሚስቴ ከጓሮ እየመጣች ነው።" ከሩቅ የሴት ድምፅ ተሰማኝ። "ሽበት አውጥታለች ለካ" አሉና በስልኩ ውስጥ ረጅም ሳቅ ሳቁ።